ሰባራ ድልድይ፦ ከሞጣ በታች ያለው የዓባይ መሻገሪያ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚገባ መንገደኛ ዓባይን የሚሻገረው አንድ ጊዜ፣ ጎሐ ጽዮንና ደጀን መካከል ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ አለ፤ መኪና በደቂቃ ያልፈዋል። ከዚያ በኋላ ወንዙ ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይርቅም። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርድና ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ከቦ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ስለዚህ ከደጀን ወደ ብቸናና ሞጣ የሚሄድ ሰው ሸለቆውን በቀኙ አድርጎ ነው የሚጓዘው፤ ማዶው ጎጃም አይደለም። ከሞጣ በስተሰሜን፣ ከወይና ደጋው ወደ ቆላው ሲወረድ የሚገኘውና ደቡብ ጎንደርን ከምሥራቅ ጎጃም ያገናኝ የነበረው የድንጋይ ድልድይ ሰባራ ድልድይ ይባላል። በእግር ተወርዶ የሚጎበኝ ፍርስራሽ ተደርጎ ይታያል። የድልድዩን ታሪክ በቅደም ተከተል ላየው ግን ቦታው ተትቶ አያውቅም። የተሰበረውና የተተካው ሕንፃው ነው፤ መሻገሪያው እስከ ዛሬ አለ።

ድልድዩ የተሠራው በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ከጢስ ዓባይ አጠገብ ካለው የዓላታ ድልድይ ጋር በታላቁ ወንዝ ላይ ከተዘረጉት ቀደምት የድንጋይ ድልድዮች አንዱ ነው። ሁለቱንም የፖርቹጋል ድልድይ ብሎ መጥራት ተለምዷል፤ ለሰባራ ድልድይ ግን ዘመኑ ራሱ ለዚህ ስም አይመችም። ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1632 እንደነገሡ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጥተው ለአውሮፓ ሰው በሩን የዘጉ ንጉሥ ናቸው። በኖራ መገንባት በአባታቸው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን መስፋፋቱ፣ በሥራውም ከሕንድ የመጡ ግንበኞች እጅ እንደነበረበት የታወቀ ነው። የውጭ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሙያው አገር ውስጥ ቀረ፤ የጎንደር ግንቦችም የዚያው ሙያ ውጤት ናቸው። ስለዚህ ሙያው ከውጭ መጣ ማለት እውነት ነው፤ ድልድዩን ፖርቹጋሎች ሠሩት ማለት ግን ማስረጃ የሚጎድለው ነገር ነው።

ግንበኞቹ ይህን ቦታ የመረጡበት ምክንያት ከአሠራሩ ይታወቃል። ቅስት የሚቆመው ድንጋዮቹ እርስ በርስ ስለሚጫጫኑ ነው፤ ሸክሙ በጎንና በጎን ወርዶ የሚያርፍበት ጽኑ መሠረት ይፈልጋል። ሰፊና ደለላማ ዳርቻ ይህን አይሰጥም፤ የጠበበና ቋጥኝ የያዘ ወንዝ ይሰጣል። የቅስት ጥንካሬ ግን ድክመቱንም ይዞ ይመጣል፦ መካከሉ ከተናደ የቀረው ድንጋይ የሚደገፍበት የለውም። የጣሊያን ወረራ በመጣ ጊዜ አርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገር ብለው ዋናውን ቅስት አፈረሱት። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ የተሻገረው በገመድ ነው። ተሻጋሪው ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰርለታል፤ ከወዲህና ከወዲያ በተሰበረው ጫፍ ላይ የቆሙ ወንዶች አንዱ ወገን እየለቀቀ፣ ሌላው እየሳበ፣ ሰውየውን ከወንዙ በላይ አንጠልጥለው ያሳልፉታል። ይህ ከስልሳ ዓመት በላይ ቆየ።

አርበኞቹ የገዛ ወገናቸውን መንገድ ቆረጡ የሚል ወቀሳ ሊነሳ ይችላል። ዋጋውን የከፈለው የአካባቢው ገበሬ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ያ ድልድይ በዚያ ሰዓት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ስንቅና መሣሪያ ለሚያጓጉዝ ወራሪ ጦር ነበር። መስበሩ የጦርነት ውሳኔ ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ በሰላሙ ጊዜ ሳይጠገን መቅረቱ ግን ጦርነት ሊጠየቅበት አይችልም። ተሻጋሪው ለሁለት ትውልድ በገመድ የተንጠለጠለው በአንድ ቀን ማፍረስ ሳይሆን በስልሳ ዓመት ቸልታ ነው።

ጥገናው የመጣውም ባልታሰበ በኩል ነው። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2001 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ የወጣውን በገመድ የሚሻገር ሰው ፎቶግራፍ አየ። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ግብረ ሰናይ ድርጅት አቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የተሰበረውን ክፍተት በብረት አገናኘው። ያም አልዘለቀም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዓባይ ሙላት ወሰደው። ወንዙ የዓመቱን ውሃ አብዛኛውን ተሸክሞ የሚመጣው በክረምቱ ወራት ስለሆነ፣ በበጋ እርጋታው ታይቶ የሚሠራ ነገር በነሐሴ ይፈተናል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ተመልሶ በዚያው አካባቢ ተንጠልጣይ ድልድይ ሠራ። ይኸኛው ውሃው ውስጥ የሚያቆመው እግር የለውም፤ የብረት ገመዶቹ በሁለቱም ዳር ከፍ ብለው ታስረዋል፤ ሙላቱ ከሥር ያልፋል። ግንበኛው፣ አርበኛው፣ ገመድ ሳቢውና የብረት ባለሙያው አንድ ስፍራ ላይ መገናኘታቸው አጋጣሚ አይደለም። በሁለቱም አፋፍ የነበረው የእግር መንገድ ወደዚያ ስለሚወርድ ነው።

የመኪና መንገድ ከተስፋፋ ወዲህ ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም የሚል ሰው ካርታውን ይመልከት። ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማዶ፣ በደቡብ ጎንደር በኩል፣ አንዳቤት ውስጥ የሚኖር ሰው በመኪና ሞጣ ገበያ ልግባ ቢል መጀመሪያ ወደ ባሕር ዳር መዞር፣ ከዚያ ይህን ሁሉ መንገድ መመለስ አለበት። ፍየል ሊሸጥ ለሚወጣ ወይም ዘመድ ሊጠይቅ ለሚሻገር ሰው ትራንስፖርቱ ከፍየሉ ዋጋ ጋር ይወዳደራል። በእግር ወርዶ በእግር መውጣት ለእሱ የጉብኝት ምርጫ ሳይሆን አጭሩ መንገድ ነው። ድልድዩ በጥንቱ ድንጋይና ኖራ እንደገና ይሠራ የሚሉም አሉ። ሐሳቡ ቅርስን ከማክበር የመጣ ነው፤ ነገር ግን የተከፈተውን ቅስት መድፈን የወረራውን ዘመን ምልክት ያጠፋል። ለሙላት የሚጋለጠውንም ግንብ እንደገና ለሙላት ይሰጣል። የቆመውን ግንብ ከመናድ መጠበቅ፣ ተሻጋሪውን በተንጠልጣዩ ማሳለፍ ይሻላል።

ለማየት የሚሄድ ሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቢወርድ ይመረጣል። አስቀድሞ የአካባቢውን ሰላም ይጠይቅ፤ መንገድ የሚያውቅ ሰው ከሞጣ ይያዝ፤ ውሃም ይያዝ። መውረዱ አያታልለው፤ የቆላው ፀሐይ የሚብሰው በመመለሻው አቀበት ላይ ነው። ቅርስ ጠባቂው ክፍልና የወረዳዎቹ አስተዳደሮች ደግሞ ሥራቸውን ለየብቻ ባይዙት መልካም ነው። ግንቡን እንደ ቅርስ መዝግቦ የተንጠልጣዩን ገመድና ወለል በየዓመቱ አለመፈተሽ ያለፈውን ቸልታ መድገም ነው። ሁለቱ በአንድ በጀትና በአንድ ኃላፊነት ሥር ቢሆኑ፣ ለሁለቱም አፋፍ መንገድ ጥርጊያ ገንዘብ ቢመደብ፣ የሚጠበቀው ድንጋይ ብቻ ሳይሆን ድንጋዩ የተሠራለት መሻገሪያም ይሆናል።