የሰቆጣን ቂብላ በጥላ መለካት



ለእረፍት ወደ ዋግ ኽምራ ስንመለስ፣ አዲስ የሚሠራ መስጂድ ካለ «እናንተ የተማራችሁ፣ ቂብላውን አስተካክሉልን» መባላችን አይቀርም። ስልክ ይወጣል። ሁለት ስልክ ሁለት አቅጣጫ ያሳያል፤ ኮምፓሱ የመሬትን ማግኔት የሚከተል በመሆኑ የግንባታው ፌሮ ያወናብደዋል።

መጀመሪያ በወረቀት እንሥራው። የሰቆጣ ኬክሮስ 12.6 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ነው፣ የመካ 21.4። ልዩነቱ 8.8 ነው፤ አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን መካ በስተሰሜን 977 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በኬንትሮስ ደግሞ በ0.8 ዲግሪ፣ ማለትም 82 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በስተምሥራቅ ናት። 82ን ለ977 ስናካፍል 0.084 እናገኛለን፤ ታንጀንቱ ይህን የሚያህለው አንግል 5 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከሰቆጣ ቂብላ ማለት ሰሜን ሆኖ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ያለ ነው። (የሐረር ልጆች በተቃራኒው ወደ ምዕራብ 10 ዲግሪ ያህል ነው የሚያዘነብሉት።) አል-ቢሩኒ ከሺህ ዓመት በፊት ለጋዝና የሠራው ስሌት ከዚህ የረቀቀ ነው፤ ምድር ክብ ናትና። እኛ ግን ለመካ ቅርብ ስለሆንን የዘጠነኛ ክፍሉ ሦስት ማዕዘን ይበቃናል።

ይህን 5 ዲግሪ መሬት ላይ የምታሰምርልን ፀሐይ ናት። ግንቦት 19 እና 20 ከቀኑ 6፡18 ላይ ፀሐይ በካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። የሳዑዲ ሰዓትና የእኛ አንድ ነው። በዚያች ደቂቃ የቆመ ዘንግ ጥላ ከመካ በተቃራኒ ይወድቃል፤ ከጥላው ጫፍ ወደ ዘንጉ ሥር የተሰመረ መስመር ቂብላ ነው።

ችግሩ ፀሐይዋ ለእኛም አናት ላይ ልትደርስ ምንም አለመቅረቷ ነው። የ1 ሜትር ዘንግ ጥላ 15 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ይሆናል። ዘንጉ በ1 ዲግሪ ወደ ጎን ካዘነበለ ጫፉ 1.75 ሳንቲ ሜትር ይሸሻል፤ በዚህች አጭር ጥላ ላይ ይህ ከ6 ዲግሪ በላይ ስህተት ነው፣ ከፈለግነው 5 ዲግሪ የሚበልጥ! ስለዚህ ዘንጉን ትተን የግንበኛ ቱምቢ በረጅም ክር እናንጠልጥል፤ የመሬት ስበት አይዋሽም፣ የክሩ ጥላ ራሱ መስመር ነው።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ቀኑን በአንድ ብንስት ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም፤ ፀሐይ ከቀን ቀን የምትንቀሳቀሰው በሰሜንና ደቡብ መስመር፣ ማለትም በቂብላው መስመር ላይ ነው ለማለት ይቻላል። አንድ ደቂቃ ብንስት ግን 1 ዲግሪ ተኩል እንስታለን፤ ሦስት ደቂቃ ብንዘገይ ምሥራቃዊው ዝንባሌ ሊጠፋ ምንም አይቀረው። ስለዚህ የግድግዳ ሰዓት ሳይሆን ከኔትወርክ የሚስተካከል የስልክ ሰዓት ይያዝ።

ብዙዎቹ ዑለማዎች ከመካ ለራቀ ሰው አቅጣጫውን ማግኘት ይበቃዋል ስላሉ፣ በጥቂት ዲግሪ ሰበብ የቆየ ሶፍ እያፈረስን ከአባቶች ጋር አንጨቃጨቅ። ይህ ልኬት ገና መሠረቱ ለሚቆፈር ነው። ግንቦት ያመለጠው ሐምሌ 8 እና 9 ከቀኑ 6፡27 ላይ ሌላ ዕድል አለው፣ የዋግ ደመና ከፈቀደ።