ሙላት፣ ዐቅም፣ ቆይታ፣ ዕድሜ፦ ስለ ባትሪ ስያሜዎች አጭር ማብራሪያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእጅ ስልክ፣ በሶላር መብራትና በመሳሰሉት ጥቃቅን መሣሪያዎች ውስጥ ስላለው፣ እየተሞላ ደጋግሞ ስለሚያገለግለው ባትሪ የምንጠቀምባቸውን ስያሜዎች መመርመር ነው። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ የእጅ ስልክ በአገራችን ገና አልተጀመረም ነበር፤ አገልግሎቱ በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነውና። ስለዚህ ስያሜውን በአመዛኙ የሰጠው ገበያው ነው።

ምሳሌዎቻችንን ከአርባ ምንጭና ከአካባቢዋ ወስደናል። በዚያ ጋሞኛ፣ ዘይሴኛ ወይም ወላይትኛ አፍ የፈቱ ሰዎች በአማርኛ ይገበያያሉ። አንድ ስያሜ አሻሚ ከሆነ አሻሚነቱ ቶሎ የሚጋለጠው አማርኛ ለብዙዎቹ ተናጋሪዎች ሁለተኛ ቋንቋ በሆነበት እንዲህ ባለ ስፍራ ነው።

በመጀመሪያ «ባትሪ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ቃሉ የእጅ መብራቱንም ኃይል ማከማቻውንም ይጠራል። ሆኖም «የስልክህን ባትሪ አብራልኝ» እና «የስልኬ ባትሪ አለቀ» በሚሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ግሡ ራሱ ትርጉሙን ስለሚለይ ችግር አይፈጠርም። «ድንጋይ» ግን ለማይሞላው ደረቅ ባትሪ ብቻ መወሰን ይኖርበታል። የደከመ ድንጋይን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጥቂት ማሠራት የቆየ ልማድ ነው፤ ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ኬሚካላዊ ለውጥ ለጊዜው ያፋጥናል እንጂ አይሞላውም። የሚሞላውን የሊቲየም ባትሪ ግን ሙቀት ያስረጀዋል። እንግዲህ ተርጓሚው ይህንንም «ድንጋይ» ቢለው ከቃሉ ጋር ልማዱን ጭምር ማሻገሩ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ «መሙላት» የሚለው ግሥ ነው። «ስልኬን ሙላልኝ» ቢባል ሰሚው ካርድ ይሁን ኤሌክትሪክ ሊጠይቅ ይገደዳል። «ቻርጅ አድርግልኝ» ቢባል ግን ጥያቄ አይነሣም። ባዕድ ቃል ሁሉ ይወገድ የሚሉ ወገኖች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ «ቻርጅ» የገባው ክፍት ቦታ አግኝቶ ነውና። በጽሑፍ «ኃይል መሙላት» ማለት ይቻላል፤ «ኃይል» የሚለው ቃል ከተዘለለ ግን አሻሚነቱ ይመለሳል።

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ የመለኪያ ስያሜ ነው። እንግሊዝኛው «ባተሪ ላይፍ» የሚለውን ሐረግ ለሰዓትም ለዓመትም ይጠቀምበታል። እኛም «የባትሪ ዕድሜ» እያልን ቃል በቃል ተከተልነው። በነገሩ ውስጥ ግን አራት የተለያዩ መጠኖች አሉ።

ሙላት፦ ባትሪው አሁን የያዘው ኃይል በመቶኛ ሲገለጽ ነው። የኩልፎ ወንዝ ሙላት ከፍና ዝቅ እንደሚል ይህም በየሰዓቱ ይለዋወጣል። አንድ የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት ያህል ይደርሳል፤ በመካከለኛው ሙላት ላይ ግን ቮልቱ ብዙም ስለማይለወጥ መሣሪያው የገባውንና የወጣውን ኃይል ጭምር ይቆጥራል። ስለሆነም በመስኮቱ የሚታየው አኃዝ ግምት ነው።

ዐቅም፦ ባትሪው ሙሉ ሲሆን ሊይዝ የሚችለው መጠን ነው። አተላ የተጠራቀመበት ጋን እስከ አፉ ቢሞላም የሚይዘው ጠላ ያነሰ ነው። ያረጀ ባትሪም «መቶ በመቶ» እያሳየ ቶሎ የሚያልቀው ስለዚህ ነው።

ቆይታ፦ በአንድ ሙሌት የሚያገለግልበት ሰዓት ነው።

ዕድሜ፦ ከአዲስነቱ እስከሚጣልበት ድረስ ያለው ዘመን ነው። በዓመት ወይም በሙሌት ብዛት ይቈጠራል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። «80 በመቶ» የሚለው አኃዝ ስለ ሙላት ከተነገረ ባትሪው ገና ብዙ ይሠራል ማለት ነው። ስለ ዐቅም ከተነገረ ግን ብዙ አምራቾች ባትሪው የሚለወጥበት ጊዜ እንደ ደረሰ ይቈጥሩታል። የመመሪያው ተርጓሚ ሁለቱንም «የባትሪ ዕድሜ 80 በመቶ» ብሎ ቢጽፍ አንዱ አንባቢ ደኅናውን ባትሪ ይጥላል፤ ሌላው ያረጀውን እንደ አዲስ ይገዛል። በጨንቻ ደጋ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ሶላር መብራት ይዞ የሚያመሽ ሰው ሊያውቅ የሚሻው ቆይታውን ነው፤ በ1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው ሞቃቷ አርባ ምንጭ ስልኩን ፀሐይ ላይ የሚተው ሰው ደግሞ የሚጎዳው ዐቅሙንና ዕድሜውን ነው። ለሁለቱም አንድ ቃል መስጠት ለአንዳቸውም አለመንገር ይሆናል።

ስለዚህ አራቱ ስያሜዎች በመመሪያና በመማሪያ መጻሕፍት ተለይተው እንዲሠራባቸው ሐሳብ እናቀርባለን። ሁሉም ከተራው ተናጋሪ አፍ የማይጠፉ ቃላት ናቸው፤ የቀረው በየቦታቸው ማዋል ነው። የስያሜው ፈተናም ቃሉ በመዝገበ ቃላት ማማሩ ሳይሆን፣ አማርኛን በገበያ የተማረ ሰው ሰምቶ ትክክለኛውን ነገር ማድረጉ ነው።