በአንቲባዮቲክ የሚድን ካንሰር፦ የሽንት ፊኛ ሊምፎማና የምርመራው ርቀት

የሽንት ፊኛ ሊምፎማ ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሣ ካንሰር ነው። ከፊኛ ዕጢዎች ሁሉ መካከል ድርሻው ከመቶ አንድ አይሞላም። ከዓይነቶቹ ማልት ሊምፎማ የሚባለው በዝግታ ያድጋል። በብዛት የሚታየውም በዕድሜ በገፉ ሴቶች፣ በተለይም የፊኛ ኢንፌክሽን በሚመላለስባቸው ላይ ነው። ደም የቀላቀለ ሽንት፣ ማቃጠልና ቶሎ ቶሎ መሽናት ዋና ምልክቶቹ ናቸው።

የአንቲባዮቲኩ ሕክምና መነሻ ጨጓራ ነው። ፒተር አይዛክሰንና ዴኒስ ራይት ማልት ሊምፎማን እ.ኤ.አ. በ1983 ለይተው ገለጹት። ከአሥር ዓመት በኋላ አይዛክሰን ያሉበት ቡድን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ በመድኃኒት ሲያጠፋ ከስድስት ሕሙማን በአምስቱ ዕጢው ከሰመ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ባክቴሪያው ለዓመታት የሚቀሰቅሳቸው ሕዋሳት እየተባዙ ወደ ካንሰር ይለወጣሉ፤ በጅምሩ ላይ ግን ሕልውናቸው በዚያው ቅስቀሳ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ መንሥኤው ሲወገድ ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የእንግሊዝ ሐኪሞች የፊኛ ማልት ሊምፎማ በአንቲባዮቲክ ብቻ መክሰሙን አሳወቁ።

ይሁን እንጂ የፊኛው ማስረጃ በጥቂት ሕሙማን ላይ የተመሠረተ ነው። የተወሰነ የዘረመል ለውጥ ያደረገ ወይም የተስፋፋ ዕጢ ብዙውን ጊዜ ለአንቲባዮቲክ አይበገርም፤ የጨረር ሕክምና ወይም ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ያስፈልገዋል።

በደቡብ ኦሞ፣ የሰላማጎ ወረዳ ከተማ በሆነችው በሃና፣ ጥያቄው ከመድኃኒቱ ይልቅ የምርመራው ነው። አሞክሲሲሊን በየጤና ጣቢያው የታወቀ መድኃኒት ነው። ሊምፎማን የሚለየው ግን በመሣሪያ ፊኛን አይቶ ናሙና መውሰድና ናሙናውን በፓቶሎጂ ባለሙያ ማስመርመር ነው። ለዚህ ሕመምተኛው ወደ ጂንካ፣ ከዚያም አልፎ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ወደነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል።

ደም የቀላቀለ ሽንት ሌሎች መንሥኤዎችም አሉት። ከኢንፌክሽንና ከጠጠር ሌላ፣ በአዋሽ ሸለቆና በአሶሳ አካባቢ ቆላዎች የሚገኘው የፊኛ ቢልሃርዚያ አንዱ ነው፤ እርሱ የሚታከመው በፕራዚኳንቴል እንጂ በአንቲባዮቲክ አይደለም። መንሥኤው ሳይለይ አንቲባዮቲክ ደጋግሞ መስጠት ማቃጠሉን ለጊዜው አስታግሶ ካንሰሩን ሊደብቅ ይችላል። ስለዚህ ከሕክምና በኋላ ደሙ ከተመለሰ ሕመምተኛው ለናሙና ምርመራ መላክ አለበት። ሊምፎማው በአንቲባዮቲክ ቢከስም እንኳ ሊያገረሽ ስለሚችል ፊኛው በየጊዜው መታየቱ ግድ ነው።