24 ሰከንድ ያተረፈው ሊግ፦ የ1954-55 የኤንቢኤ የውድድር ዘመን

የቅርጫት ኳስ ሕግ ስንማር መጀመሪያ ከምንሸመድዳቸው ቁጥሮች አንዱ 24 ነው። ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት፤ የወረወረውም ኳስ ወይ መግባት ወይ ቀለበቱን መንካት አለበት። አለበለዚያ ኳሱ ለተጋጣሚ ይሰጣል። ፈተና ላይ ይህን ጽፈን ማርካችንን እንወስዳለን። ግን ለምን 24 ሆነ? 20 ወይም 25 ቢሆን ምን ነበረበት? መልሱ ያለው በአንድ የአሜሪካ የውድድር ዘመን ውስጥ ነው። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አንድ ሕግ በተጫዋች ጠባይ ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ስለሚያሳይ፣ ይህን ታሪክ ለትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ለማቅረብ ወደድሁ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኳስ ይዞ መቆም

ከ1954 በፊት በኤንቢኤ አንድ ቡድን ኳሱን ለፈለገው ያህል ጊዜ መያዝ ይችል ነበር። የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ታዲያ የሚመራ ቡድን ምን ያደርጋል? ኳሱን እየተቀባበለ ሰዓቱን ይበላል።

የዚህ ነገር ጫፍ የታየው ኅዳር 22 ቀን 1950 ሚኒያፖሊስ ላይ ነው። የሚኒያፖሊስ ሌከርስ ቡድን ጆርጅ ማይካን የሚባል፣ በዘመኑ አቻ ያልነበረው ረጅም ተጫዋች ነበረው። እንግዳው የፎርት ዌይን ፒስተንስ ቡድን ከማይካን ጋር ፊት ለፊት ከመጋጠም ኳሱን ይዞ መቆም መረጠ። በ48 ደቂቃ ውስጥ ሁለቱም ቡድኖች ከሜዳ ያገቡት አራት አራት ጊዜ ብቻ ነው። ከሌከርስ 18 ነጥብ 15ቱን ያስቆጠረው ማይካን ነበር። በመጨረሻው ሩብ ፒስተንስ 3፣ ሌከርስ ደግሞ 1 ነጥብ አግብተው ጨዋታው በፒስተንስ 19 ለ 18 አሸናፊነት አለቀ። እስከ ዛሬ ድረስ በኤንቢኤ ታሪክ ዝቅተኛው ውጤት ይኸው ነው።

ልብ በሉ፤ ፒስተንሶች ያጠፉት ጥፋት የለም። ሕጉን አልጣሱም፤ እንዲያውም በሕጉ ውስጥ ሆነው ከእነሱ የሚበልጥን ቡድን በሜዳው አሸነፉ። እንደ አሰልጣኝ ካየነው ብልህ ውሳኔ ነው። ቲኬት ቆርጦ ለገባው ተመልካች ግን ገንዘቡን የተበላ ያህል ነው።

ብዙም ሳይቆይ፣ ጥር 6 ቀን 1951 ኢንዲያናፖሊስ እና ሮቸስተር ስድስት ጭማሪ ሰዓት ተጫወቱ። ሠላሳ ደቂቃ ተጨምሮም ውጤቱ 75 ለ 73 ነበር። በየጭማሪው አንዱ ቡድን ኳሱን ይዞ የመጨረሻዋን ውርወራ ይጠብቅ ነበርና።

ፋውል ሲያዋጣ

ኳስ ይዞ የቆመን ቡድን እንዴት ታስለቅቀዋለህ? አንዱ መንገድ ፋውል መሥራት ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ተጋጣሚህ አንድ ነጻ ውርወራ ያገኛል፤ ቢበዛ አንድ ነጥብ ነው። አንተ ግን ኳሱን ታገኝና ሁለት ነጥብ ትሞክራለህ። ስለዚህ ፋውል ቅጣት መሆኑ ቀርቶ የሚያዋጣ ሥራ ሆነ። የሚመራውም ቡድን በተራው መልሶ ፋውል ይሠራል።

በመጋቢት 1953 ቦስተን ሴልቲክስ ሲራኪዩስን በአራት ጭማሪ ሰዓት 111 ለ 105 ባሸነፈበት የጥሎ ማለፍ ጨዋታ 106 ፋውል ተፊሽቷል። የቦስተኑ ቦብ ኩዚ 50 ነጥብ አስቆጠረ፤ ከእነዚህ ውስጥ 30ዎቹ በነጻ ውርወራ የተገኙ ነበሩ። ሰው የመጣው ቅርጫት ኳስ ሊያይ ነው፤ ያየው ግን ሰልፍ ይዞ የሚወረወር ነጻ ውርወራ ነው።

ሊጉም እየሟሸሸ ሄደ። በ1949-50 የውድድር ዘመን 17 የነበሩት ክለቦች በ1953-54 ወደ 9 ወርደው ነበር። በዚያ ላይ ትልቁ የተመልካች መሳቢያ ማይካን ከ1954-55 የውድድር ዘመን በፊት መጫወት ማቆሙን አስታወቀ። በአጭሩ፣ ሊጉ ይኑር ወይስ ይፍረስ የሚባልበት ጊዜ ነበር።

2880 ሲካፈል ለ120

መፍትሔውን ይዞ የመጣው ዳኒ ቢያሶኒ ነው። ጣሊያን ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ፣ በሲራኪዩስ ከተማ የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት የነበረው፣ የሲራኪዩስ ናሽናልስ ክለብ ባለቤት ነው። ሐሳቡን ወደ ቁጥር በመለወጥ ረገድ ደግሞ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሊዮ ፌሪስ ስም አብሮ ይነሣል።

አሠራራቸው ለእኛ ለተማሪዎች የሚያስቀና ነው። ሰው ወዶ ያየው፣ ማንም ኳስ ይዞ ያልቆመበት ጨዋታ ምን ይመስላል ብለው ጠየቁ። በእንደዚህ ያለ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን ወደ 60 ጊዜ ያህል ይሞክራል፤ ሁለቱ አንድ ላይ 120 መሆኑ ነው። ጨዋታው 48 ደቂቃ ወይም 2880 ሰከንድ ነው። 2880 ለ120 ሲካፈል 24 ይመጣል። አለቀ። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም፤ ከጥሩ ጨዋታ ተለክቶ የወጣ ነው።

ነሐሴ 10 ቀን 1954 ሲራኪዩስ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ጂምናዝየም የሊጉ ሰዎች ባሉበት በሙከራ ጨዋታ ታየ። መጀመሪያ ላይ ተጫዋቾቹ ጊዜው የሚያልቅባቸው እየመሰላቸው ተጣድፈው ይወረውሩ ነበር። ቆይተው ግን 24 ሰከንድ ኳስ ለመቀባበልና ጥሩ ቦታ ለመፈለግ እንደሚበቃ ተረዱ። ሊጉም ሕጉን ተቀበለ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። በዚያው የውድድር ዘመን ሌላ ሕግም ወጥቷል፦ አንድ ቡድን በአንድ ሩብ ከስድስት ፋውል በላይ ከሠራ ተጋጣሚው ተጨማሪ ነጻ ውርወራ ያገኛል። ይህ ባይኖር ኖሮ ሰዓቱ ብቻውን አይበቃም ነበር። ሰዓቱ ኳስ ይዞ መቆምን ዘጋ፤ የፋውሉ ገደብ ደግሞ ፋውል ማትረፊያ እንዳይሆን ዘጋ። አንዱን በር ዘግተህ ሌላውን ክፍት ብትተው ሰው በክፍቱ ይወጣል።

ሰዓቱ ሜዳ ሲገባ

የመጀመሪያው የ24 ሰከንድ ጨዋታ ጥቅምት 30 ቀን 1954 ተካሄደ፤ ሮቸስተር ቦስተንን 98 ለ 95 አሸነፈ። የአንድ ቡድን አማካይ ነጥብ በ1953-54 79.5 ነበር፤ በ1954-55 93.1 ደረሰ። ቦስተን በዚያ ዓመት በአማካይ ከመቶ ነጥብ በላይ ያስቆጠረ የመጀመሪያው የሊጉ ቡድን ሆነ። በ1957-58 ደግሞ የሊጉ አማካይ 106.6 ነበር። የተጫዋቾቹ ችሎታ በአንድ ክረምት አላደገም፤ የተለወጠው ሕጉ ነው።

ነገር ግን መድኃኒቱ ለሁሉም በጊዜ አልደረሰም። በ1948 ሻምፒዮን የነበረው ባልቲሞር ቡሌትስ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ በኅዳር ወር ፈረሰ፤ ሊጉም በስምንት ክለብ ቀጠለ።

ለፍጻሜ የቀረቡት እነማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ሰዓቱን ያመጣው ሲራኪዩስ እና በ1950 ኳስ ይዞ ቆሞ ያሸነፈው ፎርት ዌይን! ሁለቱም በመደበኛው ውድድር 43 አሸንፈው 29 ተሸንፈዋል። የፎርት ዌይን ሜዳ ለቦውሊንግ ውድድር ተይዞ ስለነበር የሜዳው ጨዋታዎች ኢንዲያናፖሊስ ላይ ተደረጉ። ስድስቱን ጨዋታዎች ባለሜዳዎቹ እያሸነፉ ሦስት ለሦስት ሆኑ።

ሚያዝያ 10 ቀን 1955 በሰባተኛው ጨዋታ ፎርት ዌይን በሁለተኛው ሩብ 41 ለ 24 መራ። የ17 ነጥብ ልዩነት ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ኳሱን ይዞ መቆም፣ ከዚያም በነጻ ውርወራ መጨረስ ይችል ነበር። አሁን ግን በየ24 ሰከንዱ መወርወር ግዴታው ነው። ሲራኪዩስ ቀስ በቀስ ደረሰበት። 12 ሰከንድ ያህል ሲቀር ጆርጅ ኪንግ ነጻ ውርወራ አግብቶ 92 ለ 91 አደረገው፤ ወዲያውም ኳስ ነጥቆ ጨዋታውን ጨረሰ። ከሻምፒዮኖቹ መካከል የነበሩት አርል ሎይድ እና ጂም ተከር የኤንቢኤ ሻምፒዮን ለመሆን የበቁ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው።

ትርፉን ማን ወሰደው?

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይል ነበር። ግን ጨዋታው ሲያምር ገበያው ሰፋ፤ ገበያው ሲሰፋ ትልልቆቹ ከተሞች ፈለጉት። ፎርት ዌይን በ1957 ቡድኑን ለዲትሮይት አጣ፤ ሮቸስተርም በዚያው ዓመት ለሲንሲናቲ። ሌከርስ በ1960 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ሲራኪዩስ ናሽናልስም በ1963 ተሽጦ ወደ ፊላዴልፊያ ተዛወረና ሰቨንቲ ሲክሰርስ ተባለ። ሊጉን ያተረፈው ሐሳብ የፈለቀባት ከተማ ሊጉ ውስጥ ቦታ አጣች። ቢያሶኒ ራሱ በ1992 አረፈ፤ የቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ ስሙን ያስገባው በ2000 ነው። ዛሬ ሲራኪዩስ ውስጥ ቡድኑ የለም፤ ለመታሰቢያ የቆመ የ24 ሰከንድ ሰዓት ግን አለ።

ለእኛስ?

ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ በ1956 የ30 ሰከንድ ሕግ አወጣ፤ በ2000 ወደ 24 ዝቅ አደረገው። እኛም አገር የምንጫወተው በፊባ ሕግ ስለሆነ የቢያሶኒ ሒሳብ እኛም ሜዳ ደርሷል ማለት ነው።

ከእኛ ውስጥ ነገ አስተማሪ፣ አሰልጣኝ ወይም ዳኛ የሚሆን ብዙ ነው። ጨዋታ ሲበላሽ ቶሎ የሚመጣልን ተጫዋቹን መውቀስ ነው፦ «ዲሲፕሊን የለውም»፣ «ሰዓት ይገድላል»። የ1954-55 የውድድር ዘመን ግን ሌላ ጥያቄ ያስተምረናል፦ ሕጉ የሚሸልመው ምንን ነው? ኤንቢኤ ተጫዋቾቹን «እባካችሁ ኳስ ይዛችሁ አትቁሙ» እያለ ሲለምን ቢኖር ፎርት ዌይን ነገም ይቆም ነበር። መቆም የማያዋጣ ሲሆን ግን ያው ቡድን፣ በዚያው ሜዳ፣ ሮጦ ተጫወተ። የውድድር ደንብ ለማርቀቅ ስንቀመጥ፣ ለሰፈር ውድድርም ቢሆን፣ ቅጣቱን ከመጻፋችን በፊት በዚህ ደንብ ማሸነፍ የሚፈልግ ብልህ ሰው ምን ያደርጋል ብለን እንጠይቅ። የሚያደርገውን ካልወደድነው ሊታረም የሚገባው ደንቡ ነው።