የቀረውን የዓይን ብርሃን መጠበቅ፦ የግላኮማ ሕክምና ምርምርና የላስታ ደጋ

በላስታ ካለችው ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ ሰው ዓይኑን በጣም ይፈልገዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከዓለት ወደ ተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ገደል ተጠግቶ ይሄዳል፤ ወደ ላይ ሲቀርብም በዓለት መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ ያሳልፋል። እዚህ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ማየት ብቻ አይበቃም፤ ከግራና ከቀኝ ያለውን፣ እግር የሚረግጠውንም ማየት ግድ ነው። ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚወስደው ይህንኑ የዳር እይታ ነው። በሽታው ያለበት ካህን ዳዊቱን እያነበበ፣ የሰው ፊት እየለየ፣ ደህና ነኝ ብሎ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። የተለመደው የግላኮማ ዓይነት አያምም፣ ዓይንም አያቀላም። ስለዚህ ሕመምተኛው ሐኪም ቤት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ አንዱ ዓይኑ ከጠፋና ሁለተኛው መድከም ከጀመረ በኋላ ነው።

ይህ ጽሑፍ ግላኮማ ምን እንደሆነ፣ ሕክምናው እንደሚሠራ በምን ዓይነት ጥናት እንደተረጋገጠ፣ ከእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ለላስታ ገበሬና ካህን የሚጠቅመው የቱ እንደሆነ ያስተዋውቃል።

በሽታው

ዓይናችን በውስጡ ንጹሕ ፈሳሽ ያመነጫል። ይህ ፈሳሽ እንባ አይደለም፤ የዓይንን የፊት ክፍል ከመገበ በኋላ በጥቁሩ ክፍል ዙሪያ ባለ ወንፊት መሰል መውጫ በኩል ወደ ደም ይመለሳል። መውጫው ሲጠብ ወይም ሲደፈን ፈሳሹ ይጠራቀምና የዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ የሚያርፈው ምስልን ወደ አንጎል በሚያደርሰው ነርቭ ላይ ነው። በዚህ ነርቭ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ አንዴ የሞተ ክር አይተካም። ግፊታቸው ከፍ ሳይል ነርቫቸው የሚጎዳ ሰዎችም አሉ፤ ለእነሱም ቢሆን ሕክምናው ያንኑ ግፊት ይበልጥ ዝቅ ማድረግ ነው።

በአገራችን የአረጋዊ ዓይን ሲደክም ዘመድ ሁሉ አንድ ቃል ይናገራል፦ ሞራ ነው፣ ሲበስል ይገፈፋል። እውነትም የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፣ ብርሃንም ይመለሳል። ግላኮማ ግን ከዚህ በጣም ይለያል። ሞራ ይብሰል ብሎ መጠበቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስከፍለው ጊዜ ነው፤ ግላኮማን እንደ ሞራ ቆጥሮ መጠበቅ ግን ዓይንን ያሳጣል።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በመላ ኢትዮጵያ የተካሄደው የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከእነዚህ መካከል ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ፣ 11.5 በመቶውን ያሳወረው ትራኮማ ሲሆን፣ ግላኮማ የ5.2 በመቶውን ዓይን አጥፍቷል። ቁጥሩ ከሞራ አንጻር ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን በሞራ የታወረው ነገ ሊያይ ይችላል፤ በግላኮማ የታወረው አይችልም። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2013 ግላኮማ የነበረባቸው ሰዎች 64 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ተገምቶ፣ በ2040 ወደ 112 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ተሰልቷል።

ግፊትን መቀነስ ዓይንን ያድናል?

ግላኮማን በጠብታ ማከም የተጀመረው ከአፍሪካ በሄደ ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ሉድቪግ ላክወር የተባለ የዓይን ሐኪም፣ ዛሬ ናይጄሪያ ውስጥ ካለችው ካላባር ከሚመጣ መርዛማ ባቄላ የተወሰደ ንጥረ ነገር የዓይንን ግፊት ዝቅ እንደሚያደርግ አሳወቀ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቲሞሎል፣ በ1996 ደግሞ ላታኖፕሮስት የተባሉት ጠብታዎች መጡ። ሁሉም ግፊትን ይቀንሳሉ። ሐኪሞች ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይዘው ለብዙ አሠርት ዓመታት ኖሩ፦ ግፊቱ ሲቀንስ እይታው በእርግጥ ይተርፋል ወይ?

ለዚህ መልስ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ግላኮማ ቀስ ብሎ የሚሄድ በሽታ ስለሆነ በጥቂት ሳምንት ውጤቱ አይታወቅም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ለዓመታት መከታተል ያስፈልጋል። ተሳታፊዎቹ በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ቡድን ሕክምናውን ያገኛል፣ ሌላው ያለ ሕክምና በቅርብ ይታያል ወይም የተለመደውን ሕክምና ይወስዳል። በዕጣ የሚደረገው ሐኪሙ የሚሻለውን ሕመምተኛ ወደሚወደው መድኃኒት እንዳይመድብ ነው። ውጤቱን የሚመዝነው ባለሙያ ደግሞ በተቻለ መጠን ማን በየትኛው ቡድን እንዳለ አያውቅም። መለኪያዎቹ ሦስት ናቸው፦ የግፊት ልኬት፣ የነርቩ ፎቶግራፍ፣ ከሁሉም በላይ የእይታ መስክ ምርመራ። በዚህ ምርመራ ታካሚው መሃል ላይ ያለች መብራት ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ በዳር ብልጭ የምትል ብርሃን ባየ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል፤ ያላያቸው ቦታዎች በካርታ ላይ ጠቁረው ይወጣሉ።

ከጠንካራዎቹ መልሶች አንዳንዶቹ የመጡት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ነው። በአሜሪካ ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ ነርቫቸው ግን ገና ያልተጎዳ 1,636 ሰዎች ተጠኑ። በአምስት ዓመት ውስጥ ጠብታ ካልወሰዱት 9.5 በመቶዎቹ ግላኮማ ሲይዛቸው፣ ከወሰዱት መካከል ግን የያዘው 4.4 በመቶዎቹን ብቻ ነበር። በስዊድን ማልሞ በሽታው በጀመራቸው 255 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ግፊት በአንድ ሚሊሜትር ሜርኩሪ በቀነሰ ቁጥር በሽታው የመባባስ ዕድሉ በ10 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። በእንግሊዝ 516 ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ይፋ የሆነው ጥናት ላታኖፕሮስትን መድኃኒት ከሌለው ጠብታ ጋር አነጻጸረ። በሁለት ዓመት ውስጥ መድኃኒት ካልወሰዱት 25.6 በመቶዎቹ፣ ከወሰዱት ግን 15.2 በመቶዎቹ እይታቸው ቀነሰ። ጥያቄው ተመለሰ፦ ግፊትን መቀነስ እይታን ያተርፋል።

በእኛ አገር የሚታየው ግላኮማ

ከግላኮማ ዓይነቶች አንዱ ለኢትዮጵያ ልዩ ትኩረት ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1917 ፊንላንዳዊው ጆን ሊንድበርግ በአረጋውያን ዓይን ብሌን ዳር ላይ ነጭ ብናኝ መሰል ነገር እንዳለ ገለጸ። ይህ ብናኝ በዓይን ውስጥ ተራግፎ የፈሳሹን መውጫ ይደፍናል። የሚያስከትለው ግላኮማ ከተለመደው የከፋ ነው፤ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ በቀን ውስጥ ይዋዥቃል፣ ነርቩንም ቶሎ ይጎዳል። ለረዥም ጊዜ የስካንዲኔቪያ በሽታ ነው ሲባል ኖሯል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሞራቸውን ሊገፈፉ በመጡ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን ብናኝ ከመቶ በ39ኙ ላይ አግኝቷል። ይህ ከፍተኛ ቁጥር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የአይስላንድና የስዊድን ተመራማሪዎች ከዚህ በሽታ ጋር የተያያዘ ዘረመል አገኙ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ሥራዎች ያሳዩት ግን አስገራሚ ነው፤ በአውሮፓውያን ለበሽታ የሚያጋልጠው የዘረመሉ ዓይነት በጃፓናውያንና በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ላይ በተቃራኒው ተገኝቷል። በአሜሪካና በእስራኤል የተደረገ ጥናት ደግሞ ከቤት ውጭ የሚያሳልፉት ጊዜ መብዛቱ ከዚህ በሽታ ጋር ዝምድና እንዳለው ጠቁሟል። የላስታ ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ በደጋ ፀሐይ ሥር የሚያርስ ሰው ነው። የእሱ ዓይን በማልሞ ሰው ዓይን ብቻ ተመዝኖ ሊታወቅ አይችልም።

ጠብታው ላስታ ሲደርስ

የግላኮማ ጠብታ የዕድሜ ልክ መድኃኒት ነው። በየቀኑ ይጨመራል፣ በየወሩ ገደማ አዲስ ብልቃጥ ይገዛል። በጅማና በምኒልክ ሆስፒታል በታካሚዎች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ጠብታውን እንደታዘዘላቸው የሚወስዱት ከግማሽ በታች መሆናቸውን አሳይተዋል። በአሸተን ዙሪያ ያለውን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። ልዩ የዓይን ሕክምና ፍለጋ ወደ ደሴው ቦሩ ሜዳ ወይም ወደ ጎንደር መሄድ አለ፤ የመኪናው፣ የማደሪያው፣ የብልቃጡ ዋጋ አለ። ላታኖፕሮስት ብዙውን ጊዜ ከመከፈቱ በፊት በማቀዝቀዣ መቀመጥ ይፈልጋል፤ መብራት በሌለበት ቀበሌ ይህ ከባድ ነው። ቲሞሎል ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፣ ዋጋውም ይቀላል፤ ነገር ግን አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው ጦርነት ደግሞ ላስታ ባለበት በሰሜን ወሎ የሚገኙ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ መንገድ ተዘጋ። በየቀኑ በሚወሰድ መድኃኒት ላይ የተንጠለጠለ ዓይን በእንዲህ ያለ ወቅት ምን መጠጊያ አለው? ስለዚህ ለላስታ የሚበጀው ጥናት የትኛው ጠብታ ይበልጣል ከሚለው አልፎ፣ በአንድ ጊዜ ተሠርቶ ረዥም ጊዜ የሚቆይ ሕክምና አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ነው።

የሞሺው መልስ

ይህን ጥያቄ ያነሣ ጥናት በምሥራቅ አፍሪካዊቷ ታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ ሥር በምትገኘው ሞሺ ተካሂዷል። ሃይኮ ፊሊፒንና ባልደረቦቹ በኪሊማንጃሮ ክርስቲያን የሕክምና ማዕከል 201 የግላኮማ ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን ቲሞሎል ተሰጠው። ሌላው በሌዘር ታከመ፤ አጫጭር የብርሃን ምቶች በፈሳሹ መውጫ ላይ እንዲያርፉ ይደረግና መውጫው ይሻሻላል። ሥራው ደቂቃዎች የሚፈጅ ነው፣ ታካሚውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤት ግልጽ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የተሳካላቸው ዓይኖች በሌዘር 61 በመቶ፣ በቲሞሎል 31 በመቶ ሆኑ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ የ718 ታካሚዎች የእንግሊዝ ጥናትም በሌዘር ከጀመሩት ውስጥ ሦስት አራተኛው ያህል ከሦስት ዓመት በኋላ ያለ ጠብታ ግፊታቸው እንደተጠበቀ አሳይቷል።

ሌዘርም ገደብ አለው። ኃይሉ ከጊዜ በኋላ ይቀንሳል፣ መደገም ሊያስፈልገው ይችላል፤ መሣሪያው ውድ ነው፣ የሠለጠነ ሐኪምም ይፈልጋል። በሽታው ለገፋበት ሰው እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዛዊው ኬርንስ የተዋወቀው፣ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ የሚከፍተው ቀዶ ሕክምና እስከ ዛሬ ዋና አማራጭ ነው። የሞሺው ጥናት ትልቁ ትምህርት ግን ሌላ ነው፤ የአፍሪካ ሆስፒታል በራሱ ታካሚዎች ላይ፣ በራሱ አቅም ውስጥ ባለ ሕክምና፣ ዓለም የሚቀበለው መልስ ሊያገኝ እንደሚችል አሳይቷል።

ገና ያልተመለሱ ጥያቄዎችም አሉ። ግፊትን ከመቀነስ አልፎ ነርቩን ራሱን የሚጠብቅ መድኃኒት ፍለጋው ቀጥሏል። ሜማንቲን የተባለው መድኃኒት ከ2,000 በላይ ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ አልተሳካም። አሁን ከቫይታሚን ቢ3 ዓይነቶች አንዱ በስዊድንና በሌሎች አገሮች እየተፈተነ ነው፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ በራስ ፈቃድ የሚወሰድ አይደለም።

የተሳታፊው መብት

እንዲህ ያለው ጥናት ነገ ደሴ ወይም ላሊበላ ቢመጣ፣ ተሳታፊው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በኢትዮጵያ የመድኃኒት ሙከራ ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታና ያለ ተቆጣጣሪው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አይካሄድም። ታካሚው ጥቅሙና ጉዳቱ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት፣ ፈቃዱን ሰጥቶ ይገባል፤ በፈለገ ጊዜ ይወጣል፣ በመውጣቱም መደበኛ ሕክምናው አይቋረጥበትም።

ላስታ የጸበል አገር ነው፤ ዓይኑን ያመመው ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ጸበልን ነው። ጸበል መጠመቅና ጠብታ ማድረግ አይጣሉም። በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከሯ ይታወሳል፤ ለግላኮማም ያው ምክር ይሠራል። በደብሩ የሚከበር ካህን ይህን ቢናገር ከሐኪም ይበልጥ ይሰማል።

ለአንባቢ የምንለው ይህ ነው። ዕድሜዎ 40 ከሞላ የዓይን ግፊትዎንና የዓይን ነርቭዎን ያስመርምሩ። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ግላኮማ ካለበት ከሌላው ሰው ይልቅ ለአደጋው ቅርብ ነዎትና አይዘግዩ። ለዓይን ማሳከክ ከፋርማሲ በራስዎ ፈቃድ የሚገዙት እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ጠብታ ራሱ ግፊትን ሊጨምር ይችላልና፣ በተለይ ለልጆች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጠቀሙበት። ጠብታ ታዝዞልዎት ከሆነ ልዩነት ባያዩም አያቋርጡ፤ ሥራው ያለዎትን ማቆየት ነው። ለዩኒቨርሲቲዎቻችንና ለጤና ሚኒስቴር ደግሞ፦ የሞሺ ሐኪሞች ያደረጉትን የጎንደር፣ የደሴና የአዲስ አበባ ሐኪሞች ማድረግ ይችላሉ። በግላኮማ የጠፋ ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውን ግን በወቅቱ በተጀመረ ሕክምና መጠበቅ እንደሚቻል ተረጋግጧል።