የድኅረ ምረቃ ተማሪ ማኅበር ከማን ጋር ይደራደር?

ክረምት ሲገባ ከገረሴ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ ሙቀት ለሁለተኛ ዲግሪ የሚወርዱ መምህራን አሉ። ግቢው ውስጥ ተማሪ ናቸው፤ ሲመለሱ የወረዳ ደመወዝተኛ። ለሦስተኛ ዲግሪ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ የሌላ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ደመወዙን ላኪው ይከፍላል፤ አማካሪ የሚመድበውና የሚፈትነው ተቀባዩ ነው። አማካሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ሳያነብ ወራት ሲያልፉ ትምህርቱ ይራዘማል፤ ላኪው ደግሞ «ጊዜህ አልቋል፣ ተመለስ» ይላል። ተማሪው በሁለቱ መካከል ይንገላታል።

እየተማሩ ለዩኒቨርሲቲያቸው በክፍያ የሚሠሩ ተማሪዎች («ተማሪ ሠራተኞች») በማኅበር ይደራደሩ ወይ የሚለው ክርክር በአሜሪካ አርጅቷል። እዚያ የሚከፍለውም የሚያስተምረውም አንድ ተቋም ነው፤ ስለዚህ የድርድር ጠረጴዛ አለ። በግል ዩኒቨርሲቲዎች «ሠራተኛ ናቸው፣ አይደሉም» ሲባል ከርሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ «ናቸው» ተብሎ ተወሰነ። በ2022 መጨረሻ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 48 ሺህ ገደማ ተማሪ ሠራተኞችና ተመራማሪዎች ሥራ አቁመው ክፍያቸውን አስጨመሩ። ዋጋም አለው። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ በ2024 ወራት ከፈጀ አድማና ከአዲስ ውል በኋላ በበርካታ የሰብአዊና የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርቶች አዲስ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ መቀበሉን ለጊዜው አቆመ። ያተረፈው ውስጥ ያለው ነው፤ የከሰረው ገና ሊያመለክት ያሰበው።

እኛ ዘንድ መንገዱ ከሕጉ ጀምሮ ይዘጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመደራጀት መብትን ቢያውቅም፣ የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች እንደሚጠቀሙበት ለዝርዝር ሕግ ትቶታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችንም፣ ለትምህርት ተብሎ የሚመሠረት ግንኙነትንም (ከለማጅነት በቀር) አይመለከትም። ተማሪው ከሁለቱም በር ውጭ ነው። የተማሪ ኅብረት ይፈቀዳል፤ ግን አይደራደርም። ደግሞ የተማሪ ማኅበር ሲባል የፖለቲካ ጥርጣሬ አብሮ ይመጣል፤ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. መገደሉ የዚያ ታሪክ አካል ነው።

በእኔ ግምት የአሜሪካውን ቀድቶ ማምጣት አያዋጣም፤ የእኛ ተማሪ ቀዳሚ ችግር በላኪና በተቀባይ መካከል ባለቤት ማጣቱ ነው። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሁለቱ ተቋማት የሚፈርሙት ውል ነው፦ አማካሪ በስንት ሳምንት አንብቦ ይመልሳል? መዘግየቱ ከተቀባዩ ከሆነ ደመወዙን ማን ይሸፍናል? ይህን ውል የሚከታተል የተማሪዎች ተወካይ በድኅረ ምረቃ ጉባኤ ድምፅ ይኑረው። አዲስ ተማሪ የምትልኩ ዩኒቨርሲቲዎችና ወረዳዎች፣ ከመላካችሁ በፊት ይህን ውል አስፈርሙ።