የሕፃናትን ልብ ፍለጋ ኡጋንዳ የወረዱት ተመራማሪ

ገና አፉን ያልፈታ ልጅ ማንን እንደሚወድ፣ ማን ዘንድ እንደሚረጋጋ በምን ይታወቃል? የልጆችን የስሜት ዕድገት የሚያጠኑ ባለሙያዎች ዛሬ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ የተጠነሰሰው በካምፓላ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስወርዝ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ኡጋንዳ የሄዱት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ቀደም ሲል ለንደን ውስጥ ከአእምሮ ሐኪሙ ከጆን ቦውልቢ ጋር ሠርተዋል። ቦውልቢ ከእናቱ የተነጠለ ሕፃን የሚደርስበትን ጉዳት ያጠኑ ነበር። አይንስወርዝ ግን ሕፃን እናቱን የሚወደው ስለምታጠባው ነው የሚለውን የዘመኑን እምነት ገና አልተዉትም ነበር።

26 የባጋንዳ እናቶችንና 28 ሕፃናትን መረጡ። አስተርጓሚ ይዘው፣ እናቶቹ ከሰዓት በኋላ እንግዳ በሚቀበሉበት ክፍል፣ በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰዓት ይቀመጡ ነበር። ልጁ ሲያለቅስ ማን ሲያቅፈው ዝም ይላል? እየዳኸ ሲርቅ ዞር ብሎ የሚያየው ማንን ነው? ሲደነግጥስ ወደ ማን ይሮጣል? አንዳንዱ ሕፃን ጡት ሰጥቶት ከማያውቀው አባቱ ጋር ሳይቀር ሲቆራኝ አዩ። የጡቱ ነገር በዚያው ፈረሰ።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ግኝታቸው ነው። ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ የልጁን ጠባይ አንድ በአንድ ዘርዝረው የሚያወሩ እናቶች ነበሩ። ልቡ አርፎ፣ እናቱን ተማምኖ አካባቢውን የሚመረምረው በአብዛኛው የእነዚህ እናቶች ልጅ ሆኖ ተገኘ። የልጅን ሁኔታ ልብ ብሎ ማየት ራሱ የሚለካ ነገር ሆነ ማለት ነው።

አይንስወርዝ ከኡጋንዳ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው ባልቲሞር ውስጥ የ20 ደቂቃ ያህል ፈተና አዘጋጁ። እናት የአንድ ዓመት ልጇን በማያውቀው ክፍል ውስጥ ትታው ለጥቂት ደቂቃ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ዋናው ቁም ነገር ልጁ ማልቀሱ ሳይሆን ስትመለስ የሚያደርገው ነው። አንዱ ወደ እናቱ ሄዶ ይጽናናና ጨዋታውን ይቀጥላል። ሌላው እቀፊኝ እያለ መልሶ ይገፋታል። ሦስተኛው ምንም እንዳልተፈጠረ ፊቱን ያዞራል፤ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች የልብ ምቱን ሲለኩ ግን እሱም ተጨንቆ አገኙት። በዝምታው «ጨዋ ልጅ» እየተባለ የሚመሰገነውን ልጅ ባሰብኩ ቁጥር ይህ ግኝት ያሳስበኛል።

ፈተናው ለየአገሩ ልጅ እኩል አይደለም። ጃፓን፣ ሳፖሮ ውስጥ ሲሞከር ብዙ ሕፃናት ክፉኛ አለቀሱ፤ ብቻቸውን መተውን አልለመዱማ! በአንቀልባ ታዝሎ፣ ከአያት ወደ አክስት፣ ከአክስት ወደ ጎረቤት እየተቀባበሉት የሚያድገውን የእኛን ልጅም በዚያ ክፍል ብቻ መመዘን ያሳስታል። ተማሪዎች አብዝተው የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመውን የባልቲሞሩን መጽሐፍ ነው። የአገራችንን ሕፃናት ሊያጠና ለሚነሳ ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣውን የኡጋንዳውን አስቀድሞ እንዲያነብ እመክረዋለሁ።